በአዳማ አካባቢ ስለሚደረግ የአንድ ቀን ጉብኝትና ስለ ሐር መንደሩ ትረካ

መጽሐፍ ሲተች፣ ቴያትር ሲተች፣ ሥዕልም ሲተች ማየት የተለመደ ነው። የአስጎብኚን ንግግር እንደ ድርሰት ቆጥሮ የመረመረ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። ይሁን እንጂ በአስጎብኚ የሚመራ የአንድ ቀን ጉብኝት መነሻና መድረሻ ያለው፤ ተናጋሪና ሰሚ የሚገናኙበት፤ ከብዙው ነገር ጥቂቱን መርጦ የሚያሳይ፤ ያልመረጠውንም ከዓይን የሚሰውር ድርሰት ነው። ስለ አገራችን ሕዝብ ኑሮ አንድም መጽሐፍ ያላነበበ መንገደኛ ወደ አገሩ ሲመለስ ይዞት የሚሄደው ዕውቀት ከአስጎብኚው አፍ የሰማውን ነው። ስለዚህ የሕዝቦችን ኑሮና ልማድ ለመመርመር በተቋቋመ መጽሔት ላይ ስለ እንዲህ ያለው ትረካ አስተያየት መስጠት ከቦታው ውጭ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ለመተቸት የመረጥሁት ጉብኝት ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥቶ ወደ አዳማ የሚወርድ፤ በከተማይቱ ውስጥ የታወቁትን ቦታዎች የሚያሳይ፤ ከዚያም በአዋሽ መልካሳ አጠገብ ሐር ወደሚፈተልበትና ወደሚሸመንበት አንድ መንደር የሚወስድ፤ በመጨረሻም በቆቃ ሐይቅ በኩል ወደ ሞጆ አልፎ የሚመለስ ነው። ድርጅቱንም አስጎብኚውንም በስም አልጠራም፤ ነቀፌታዬ በሌሎችም ዘንድ በሚነገረው ትረካ ላይ እንጂ በአንድ ድርጅት ወይም በአንድ ወጣት ላይ አይደለምና። ወጣቱማ ትሑትና ሥራውን ወዳድ ነበረ፤ ለአንዲት አሮጊት መንገደኛ ውኃዋን ተሸክሞላት ሲሄድ አይቻለሁ።

በመኪናው ውስጥ የነበርነው ዐሥራ አንድ ሰዎች ስንሆን የሚበዙት የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ፤ ሁለቱ ደግሞ በባዕድ አገር ተወልደው ያደጉ የኢትዮጵያውያን ልጆች ናቸው። እኔ ባለሙያ መሆኔን ሳልናገር እንደ ማንኛውም ሰው ከፍዬ ገባሁ።

የመጣነው በ2006 ዓ.ም. በተከፈተው፤ 85 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው በክፍያ መንገዱ ነው። ይህ መንገድ ለነጂ የተመቸ ቢሆንም ለተመልካች የተመቸ አይደለም። በአሮጌው መንገድ የሚሄድ ሰው የቢሾፍቱን አደባባይ፣ የሞጆን ገበያ፣ ከጭነት መኪና በታች ተኝቶ የሚጠግነውን መካኒክ ያያል፤ በአዲሱ የሚሄድ ግን በአጥር መካከል አልፎ ድንገት ከአዳማ ተራሮች ላይ ይደርሳል። በተረተሩ ላይ የቆሙትን የነፋስ መዘውሮች ባየን ጊዜ አስጎብኚያችን የመጀመሪያው ጣቢያ 51 ሜጋዋት፣ ሁለተኛው 153 ሜጋዋት ኀይል የማመንጨት ዐቅም እንዳላቸው ነገረን። ቍጥሩ ትክክል ነው።

በከተማይቱም ውስጥ የተናገረው ሁሉ ትክክል ነበረ። አሮጌውን የምድር ባቡር ጣቢያ ሲያሳየን መስመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ እንደ ደረሰ፤ ርዝመቱም 784 ኪሎ ሜትር እንደ ነበረ፤ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ መስመር ግን በሌላ በኩል እንደሚያልፍ አስረዳ። ስለ ከተማይቱ ስም ሲናገርም ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኀይለ ሥላሴ በመጽሐፍ ቅዱስ በምትነገረው ከተማ ናዝሬት ብለው እንደ ሰየሟት፤ በ1992 ዓ.ም. የቀድሞው ስም አዳማ በመንግሥት ደረጃ እንደ ተመለሰ፤ አዳማ የሚለውንም ስም አንዳንዶች ቍልቋልን ከሚያመለክተው የኦሮምኛ ቃል ጋር እንደሚያያይዙት ተናገረ። ከ1992 እስከ 1997 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ዋና ከተማ እንደ ነበረችም አልረሳም። አንዱ መንገደኛ፤ «እንግዲያው ሰዉ አሁን ማን ብሎ ነው የሚጠራት?» ብሎ ቢጠይቀው፤ «እናቴ ናዝሬት ትላለች፤ እኔ አዳማ እላለሁ፤ የመኪና ረዳት ግን እንደ ተሳፋሪው ይጠራታል» ብሎ መለሰ። ከቀኑ ንግግሩ ሁሉ ይህ መልስ ይበልጥ ደስ አሰኝቶኛል፤ ከወረቀት ያልተጠና፤ ከገዛ ቤቱ የወጣ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ወጥተን ወደ መንደሩ ሄድን። በግራር የታጠረ ግቢ ውስጥ አንድ ዳስ አለ። በዳሱ ሥር ሸማኔ እግሩን በጕድጓድ አግብቶ፤ መወርወሪያውን ከግራ ወደ ቀኝ ከቀኝም ወደ ግራ ይወረውራል። ከእርሱ ፈንጠር ብላ አንዲት በዕድሜ የገፋች ሴት በሰሌን ላይ ተቀምጣ እንዝርት ታሾራለች። በፊት ለፊቷ በሰፌድ ላይ ነጭና ቀይ ዳማ የሆኑ የሐር ትል ጎጆዎች ተዘርግተዋል። ቡና ይፈላል፤ ሣር ተጐዝጕዟል።

እዚህ ላይ አስጎብኚያችን ሌላ ሰው ሆነ። በከተማ ውስጥ በዓመተ ምሕረትና በሜጋዋት ይናገር የነበረው ወጣት፤ የዚህ መንደር ሰዎች ከንግሥተ ሳባ ዘመን ጀምረው ለሦስት ሺሕ ዓመት ሐር ሲሸምኑ እንደ ኖሩ፤ ጥበቡም ከእናት ወደ ልጅ ሲወርድ ሲዋረድ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ እንደ ደረሰ ተናገረ። መንገደኞቹ በአድናቆት ተነፈሱ፤ ፎቶግራፍ ማንሣትም ተጀመረ።

ነቀፌታዬ ከዚህ ይጀምራል። በዚህ ትረካ ውስጥ ከተማው ዓመተ ምሕረት አለው፤ መንደሩ የለውም። ጣቢያው ተሠራ፣ ስሙ ተለወጠ፣ መንገዱ ተከፈተ ይባላል፤ መንደርተኛው ግን እንደ ድንጋይ ባለበት የተቀመጠ፤ አንድም ነገር ያልጀመረ፤ አንድም ነገር ያልተማረ ፍጡር ሆኖ ይቀርባል። እንግዳው ይህን ሲሰማ ያከበረው ይመስለዋል፤ በእውነቱ ግን የሰውየውን ድካምና ብልኀት ነጥቆ ለማይታወቅ ጥንት አሳልፎ መስጠቱ ነው።

ነገሩ ሐሰትም መሆኑን ለማሳየት ስለ ሐር በአገራችን ያለውን ታሪክ ጥቂት ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐር የኢትዮጵያ ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው፤ ነገር ግን ከውጭ የሚያስመጣው ዕቃ ነበረ። ስሙ ራሱ ሐሪር ከሚለው የዐረብኛ ቃል ጋር ዘመድ ነው። የቢዛንታይን ታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዩስ እንደሚነግረን እ.ኤ.አ. በ531 ገደማ ንጉሠ ነገሥት ዩስቲንያኖስ ወደ አክሱም መልእክተኛ ልኮ፤ ኢትዮጵያውያን ሐርን ከህንድ ነጋዴዎች ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡ ጠየቀ። ይህንም የፈለገው ከጠላቶቹ ከፋርሶች እጅ መግዛትን ለማስቀረት ነው። ነገር ግን የፋርስ ነጋዴዎች የህንድ መርከቦች በሚደርሱባቸው ወደቦች ሁሉ አስቀድመው እየጠበቁ ጭነቱን ጠቅልለው ስለሚገዙ ነገሩ ሳይሳካ ቀረ። ከዚህ ታሪክ የምንረዳው አክሱም በሐር ንግድ መንገድ ላይ የነበረች መሆንዋን እንጂ ሐር የሚያመርት አገር መሆንዋን አይደለም። ሐር አምራች ብትሆን ኖሮ ዩስቲንያኖስ ከህንድ ገዝታ እንድትሸጥለት ባልለመናት ነበር።

ከዚያም ወዲህ በነበሩት ዘመናት ሐር በነጋዴ ጭነት በቀይ ባሕር በኩል ይገባ ነበር። ከህንድና ከዐረብ አገር የመጣ የሐር ጨርቅ ክሩ እየተተረተረ ለሸማ ጥለት ይውል እንደ ነበረ፤ በአንገት የሚታሰረው ሰማያዊ የማተብ ክርም ብዙውን ጊዜ ከውጭ የመጣ ሐር እንደ ነበረ ይታወቃል። የሸማኔው ጥበብ የእኛ ነው፤ ክሩ ግን እንግዳ ነው። ለዚህ ከሁሉ የበለጠው ምስክር በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ተወስዶ ዛሬ በለንደን በብሪቲሽ ሙዚየም የሚገኘው ታላቅ የሐር መጋረጃ ነው፤ የእርሱ ቢጤ በካናዳ በሮያል ኦንታርዮ ሙዚየምም ይገኛል። እነዚህ መጋረጃዎች ቀዳዳ ባላቸው ትናንሽ ገበታዎች ድሩን እያዟዟሩ የተሸመኑ ሲሆኑ፤ ሐሩ ከቻይና የመጣ፤ ሥራው ግን ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያጠኗቸው ሊቃውንት ይናገራሉ። በክሩ ላይ ሰዎች ተሸምነው ይታያሉ፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚችል እጅ ትሉን አላረባም ብሎ የሚያፍርበት ምክንያት የለውም።

ታዲያ በአዋሽ መልካሳ አጠገብ ያየነው ትል ከወዴት መጣ? ይህ ትል ኢሪ የሚባለው ነው፤ የትውልድ አገሩም በሰሜን ምሥራቅ ህንድ ያለው የአሳም ምድር ነው። ስሙ በአሳም ቋንቋ ጉሎን ከሚያመለክት ቃል የወጣ ነው ይባላል፤ ዋና ምግቡ የጉሎ ቅጠል ነውና። ወደ አገራችን የገባው በቅርብ ጊዜ ሲሆን፤ ከአዳማ በስተደቡብ ምሥራቅ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ትሉን በማላመድና ለገበሬ በማስተማር ዋና ሥራ ሠርቷል። በአርባ ምንጭ በኩልም ወጣቶች እንዲያረቡት ተደርጓል። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመው ሳባሐር የተባለው የሽመና ድርጅት ይህንኑ ሐር በእጅ እያስፈተለና በባህላዊ መሣሪያ እያሸመነ ወደ ውጭ አገር ይልካል። እንግዲህ የመንደሩ ታሪክ የሚጀምረው ከአስጎብኚው መኪና መስኮት ላይ ሆኖ ከሚታየው ከማዕከሉ በር ነው። በበሩ ፊት ለፊት አለፍን፤ አስጎብኚው ግን ስለ እርሱ አንዲት ቃል አልተናገረም።

እጅግ የሚያሳዝነው እውነተኛው ታሪክ ከተፈጠረው ይልቅ የሚጣፍጥ መሆኑ ነው። ይህን ለማስረዳት ስለ ሁለት ዐይነት የሐር ትል ልናገር። በቻይና የታወቀው ትል ማልበሪ የሚባለውን ዛፍ ቅጠል የሚበላ ሲሆን፤ ጎጆውን የሚሠራው ባልተቋረጠ አንድ ረጅም ክር ነው። የእሳት ራት ሆኖ ቀዶ ከወጣ ክሩ ስለሚበጣጠስ ትሉ ገና በውስጡ ሳለ በእንፋሎት ወይም በፈላ ውኃ ይገደላል፤ ከዚያም ክሩ ይተረተራል እንጂ አይፈተልም። ኢሪ ግን የጎጆውን አንድ ጫፍ ክፍት አድርጎ ይሠራል። ስለዚህ ፍጥረቱ ተለውጦ በገዛ በሩ ወጥቶ ይሄዳል፤ ባዶው ጎጆም ለሰው ይቀራል። ክሩ ቍርጥራጭ በመሆኑ ሊተረተር አይችልም፤ በሳሙናና በሶዳ ተቀቅሎ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ባዘቶ ተፍታትቶ በእንዝርት መፈተል አለበት።

አንባቢው ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ሳይገባው አይቀርም። ጥጥን በመዳመጫ ፈልፍላ፣ በደጋን ነድፋ፣ ባዘቶውን ጠቅልላ፣ በእንዝርት ፈትላ ልቃቂት የምታደርግ ሴት በአገራችን ሞልታለች፤ ጣቶቿ ይህን ሥራ ከልጅነቷ ጀምሮ ያውቁታል። ከቻይናው ትል ይልቅ የአሳሙ ትል በዚህ አገር የተስማማው አየሩ ስለ ተመቸው ብቻ አይደለም፤ እንዝርቱ ይጠብቀው ስለ ነበረም ነው። ምግቡም እንደዚሁ ነው። ጉሎ በስምጥ ሸለቆ በየአጥሩ ሥርና በየቆሻሻ መጣያው ሳይተክሉት የሚበቅል፤ በኦሮምኛ ቆቦ የሚባል፤ ፍሬው ለምጣድ ማሰሻ ሲውል የኖረ፤ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ቅጠል ነው። አሮጌ እጅ፣ የተናቀ ቅጠልና እንግዳ ትል ተገናኝተው አዲስ ሥራ ወለዱ። አስጎብኚው ይህን ትቶ ሦስት ሺሕ ዓመት ማለቱ፤ የታረደውን በሬ ትቶ ስለ ቀንዱ እንደ ማውራት ነው።

መንገደኞቹ ሸማኔውን ሲከቡ እኔ ወደ ፈታይዋ ቀረብ ብዬ፤ «እትዬ፣ ሐር መፍተል ከማን ተማሩ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ጥጥ ከእናቴ፤ ሐር ከሥልጠና» አለችኝ። በመጀመሪያ ትሉን ስታይ ቀፏት እንደ ነበረ፤ ጐረቤቶቿም «ትል በቤት የምታሳድግ» እያሉ እንደ ሳቁባት፤ ኋላ ግን ከሳቁት መካከል ሁለቱ መጥተው እንድታሳያቸው እንደ ለመኗት አጫወተችኝ። ሐሩ ከጥጥ ይልቅ እንደሚያንሸራትት፤ ስለዚህ ሴቶቹ ጣታቸውን በትንሹ እያረጠቡ የመፍተልን ዘዴ በራሳቸው እንዳገኙም ነገረችኝ። ይህ እንግዲህ በምንም ወረቀት ላይ ያልተጻፈ የአንዲት ሴትና የጐረቤቶቿ ግኝት ነው።

ቀጥላም፤ «ጋሼ፣ ያ ልጅ በእንግሊዝኛው ስለ እኛ ምን አላቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። እንዳለ ነገርኋት። እንዝርቷን አቁማ ሳቀች። «ሦስት ሺሕ ዓመት ፈትለን ቢሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ባለ ፎቅ ነበርን፤ ጉሎውን የተከልሁት እኮ የልጄ ልጅ በተወለደ ዓመት ነው» አለች። ከዚያም ሳቋን ትታ፤ በበጋ ጉሎው ቅጠሉን ስለሚያራግፍ ትሉ እንደሚራብ፤ ውኃ ከአዋሽ የሚስብ አንድ ትንሽ ፓምፕ ቢኖራቸው ግን ዓመቱን ሙሉ ሊያረቡ እንደሚችሉ ነገረችኝ። «እንግዶቹ በየሳምንቱ ይመጣሉ፤ ስለ ውኃው ግን የሚጠይቀን የለም» አለችኝ።

ትረካው የሚያደርሰው ጕዳት ከዚህ ቃል ላይ ይታያል። ለሦስት ሺሕ ዓመት ሳይቋረጥ የኖረ ነገር ነገም ራሱ ይኖራል ተብሎ ይታሰባል፤ ፓምፕም፣ የዕንቍላል ዘርም፣ የተሻለ ዋጋም የሚያሻው አይመስልም። በቅርብ የተጀመረ፤ ሊሰፋም ሊጠፋም የሚችል ሥራ መሆኑ ቢነገር ግን ከዐሥራ አንዱ መንገደኞች አንዱ እንኳ ስለ ውኃው በጠየቀ ነበር።

የሸማኔውም ነገር ቸል ሊባል አይገባም። አስጎብኚው የመንደሩ ተወላጅ አድርጎ አቀረበው፤ ሰውየው ግን የጨንቻ ሰው ነው። አባቱ ከጋሞ ደጋ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ በሽሮ ሜዳ ሲሸምን የኖረ፤ እርሱም ሥራ ፍለጋ ወደ አዳማ የወረደ መሆኑን ነገረኝ። የዶርዜ ሸማኔዎች ጕዞ በአገራችን የእጅ ሥራ ታሪክ ውስጥ ትልቅ ምዕራፍ ነው፤ በብዙ ከተማ የምንለብሰው ሸማ በዚህ ጕዞ የተሸመነ ነው። ይልቁንም ሸማኔ ለረጅም ዘመን የተናቀ ሰው እንደ ነበረ አይዘነጋም። ዳግማዊ ምኒልክ በዘመነ መንግሥታቸው መጨረሻ ገደማ ሠራተኛን በሥራው መሳደብን የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር የደረሱት ስድቡ ምን ያህል ሥር የሰደደ ቢሆን ነው? እንግዳ ደግሞ ይህንኑ ሰው ሲያደንቅ ያልተሰደደ፣ ያልተሰደበ፣ ከመንደሩ ያልወጣ አድርጎ ያደንቀዋል። ንቀቱን ያለፈ ሰው ንቀቱን ማለፉ ሊነገርለት ይገባ ነበር።

የዚህ ዐይነት ጉብኝት ሥርዐት የተቀዳው ከሌላ አገር ይመስለኛል። በአሳም የጉዋሃቲን ከተማ የሚጐበኝ ሰው ጧት በኮረብታ ላይ ያለውን የካማክያን መቅደስ አይቶ፤ ከቀትር በኋላ በብራህማፑትራ ወንዝ ዳር ወዳለችው ወደ ሱዋልኩቺ ሄዶ የሐር ሸማኔዎችን ያያል። በቬትናምም ከሃኖይ ወደ ቫን ፉክ የሚወሰድ መንገደኛ እንዲሁ ያደርጋል። በእነዚያ መንደሮች ሽመና ከጥንት የኖረና በየቤቱ የሚሰማ ሥራ ስለ ሆነ፤ «ከአያት ከቅድመ አያት» ቢባል ብዙ አያሳፍርም። ቅርጹ ለእነርሱ የተሰፋ ልብስ ነው። እኛ ያለ ልክ ተውሰን ስንለብሰው ግን የጐደለውን በንግግር መሙላት ግድ ሆነብን።

በፍርድ ላይ ላለመሳሳት የሌላውን ወገን ክርክር መስማት ይገባል። ድርጅቱ እንግዳ ካላመጣ የአንገት ልብሱ አይሸጥም፤ ፈታይዋም በዚያ ቀን ሦስት ሲሸጥላት አይቻለሁ። እንግዳም ጥንታዊ የተባለውን በበለጠ ዋጋ ይገዛል ይባላል። ይህ ምናልባት እውነት ይሆናል። ነገር ግን በዚያ ቀን የጀርመን አገር ሴት የሆነችው መንገደኛ የኢሪ ትል ሳይገደል በበሩ ወጥቶ እንደሚሄድ ከእኔ በሰማች ጊዜ መልሳ ያስቀመጠችውን የአንገት ልብስ አንሥታ ገዛች። በአውሮፓ በዚህ ምክንያት ብቻ ኢሪን የሚመርጡ ገዢዎች አሉ። እውነቱም ይሸጣል ማለት ነው።

እኛም የሕዝብን ልማድ እንመዘግባለን የምንል ሰዎች ከዚህ ጥፋት ንጹሓን አይደለንም። «የዚህ አገር ሰው እንዲህ ይለብሳል፤ እንዲህ ይሸምናል፤ እንዲህ ይቀብራል» እያልን መቼ እንደ ተጀመረ፣ ማን እንዳመጣው፣ ማን እንደ ተቃወመው ሳንጠይቅ ስንት ገጽ ሞልተናል! አስጎብኚው በቃሉ የሚናገረውን እኛ በጽሑፍ አስቀድመን ሰጥተነዋል። በአንዳንዱ ቃል የራሴን የወጣትነት ጽሑፎች አነጋገር ስለ ሰማሁበት ደንገጥ ማለቴን አልደብቅም።

ወደ ማታ ስንመለስ ከወንጂ የሸንኮራ እርሻ ወደ ቆቃ ሐይቅ ደረስን። እንደገና ዓመተ ምሕረት ተጀመረ። የስኳር ፋብሪካው በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ ተሠርቶ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ግድቡ ኢጣልያ በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠርቶ በ1952 ዓ.ም. ተመረቀ ተባለ፤ ይህም ትክክል ነው። ሸንኮራውና ሐይቁ የያዙት ሜዳ የጂሌ ኦሮሞ ከብት ግጦሽ እንደ ነበረ ግን አልተነገረም። በመንደሩ ሰው ነበረ፤ ዓመት ጠፋ። እዚህ ደግሞ ዓመት አለ፤ ሰው ጠፋ። ስለዚህ ነገር ሌላ ጽሑፍ ስለሚያስፈልገው አሁን አልፈዋለሁ።

ሞጆ ለሻይ በቆምን ጊዜ አስጎብኚውን ለብቻው አግኝቼ የተሰማኝን በለሰለሰ ቃል ነገርሁት። አልተቈጣም። «ጋሼ፣ ጽሑፉን እኔ አልጻፍሁትም፤ ተሰጥቶኝ በቃሌ ያጠናሁት ነው። የምርምር ማዕከሉን እኔም አውቀዋለሁ፤ ታላቅ ወንድሜ በዚያ የጉልበት ሠራተኛ ነበረ፤ እንግዶች ላቦራቶሪ ለማየት አይመጡም እያሉን ነው የተውነው» አለኝ። ቅጠሉን ለትሉ ሲበትን ወንድሙን ምሳ ይዞለት እየሄደ ያየው እንደ ነበረም ጨመረ። ይህን ለምን ለመንገደኞቹ እንዳልተናገረ ብጠይቀው፤ «የእኔ ነገር ነዋ፤ ማን ይሰማዋል?» ብሎ ሻዩን አማሰለ።

ወደ መኪናው ስንገባ በባዕድ አገር ካደጉት ልጆች አንደኛዋ የገዛችውን የአንገት ልብስ በጉልበቷ ላይ ዘርግታ ትመለከት ነበር። «እነዚህ ሴቶች ሐር መፍተል የጀመሩት በስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብላ በተሰባበረ አማርኛ ጠየቀችው። ወጣቱ ወደ እኔ ዘወር ብሎ አየኝ፤ እኔም በመስኮት ወደ ውጭ ተመለከትሁ። «ሐሙስ ወደዚያው እንመለሳለን፤ እትዬን ጠይቄ እነግርሻለሁ» አላት፤ ስልክ ቍጥሯንም ተቀብሎ ጻፈ።